«የት ጠፋችሁ?» ከማለት «እንኳን መጣችሁ!»



ብዙ ቀን ያላየነውን ሰው ስናገኝ ከአፋችን ቶሎ የሚወጣ አንድ የታወቀ ቃል አለ። «የት ጠፋህ?» «ኧረ አንቺ፣ ጠፋሽ እኮ!» እንላለን። ቃሉ የናፍቆት ነው፤ ተናጋሪውም ክፋት አስቦ አይደለም። ሆኖም ውስጡ ክስ አለበት። ጠያቂው በቦታው እንደ ነበረ፣ ተጠያቂው ግን ትቶት እንደ ሄደ ያስመስላል። ስለዚህ የመጣው ሰው ወዳጅነቱን ከመቀጠሉ በፊት ምክንያት ማቅረብ ግዴታው ይሆናል። መንገድ ላይ ፊት ለፊት ስንገናኝ ምንም ችግር የለውም፤ መሳሳሙና ሳቁ ክሱን ያጠፋዋል። በስልክ ተጽፎ ሲመጣ ግን ፊትም ሳቅም የለውም፤ ክሱ ብቻውን ይቀራል። ዛሬ በዚህ ግድግዳ ላይ ልናነሣ የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው።

እንደሚታወቀው በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠው በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መስመሩ በአንዳንድ ከተሞች የተመለሰው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን፣ ሌሎች ቦታዎች ደግሞ ከዚያም በላይ ጠብቀዋል። በዚያ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እንደ ነበር ለእናንተ ለአስተማሪዎችና ለሠልጣኞች መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆን እንፈልጋለን። አንዳንድ ሰዎች «እንኳንም ተቋረጠ፤ ሰው ከስልኩ ቀና ብሎ ተያየ» ሲሉ ይሰማል። እኛ በዚህ አንስማማም። ሰው ወዶ ስልኩን ሲዘጋ ዕረፍት ነው፤ ሳይወድ ሲዘጋበት ግን እጦት ነው። ውጤቱን ማየት ያልቻለ ተማሪ፣ ውጭ አገር ካለች እህቱ ድምፅ የራቀ ሽማግሌ አባት፣ በሩቅ ከተማ ስለ ታመመ ልጇ ወሬ ያጣች እናት «ዐረፍን» አይሉም። ስለሆነም የዚያን ጊዜ ዝምታ ልናሞግሰው አንሻም።

ይህም ሆኖ እጅ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ከመካከላችን ብዙዎቹ ሹራብ መሥራትን የተማሩት በዚያው ዝም ባለ ዓመት ነው። የመርጡለ ማርያም ብርድ የታወቀ ነው፤ በክረምት ማታ ማታ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው ሹራብ ጌጥ አይደለም። አስተማሪዎቻችን እናቶቻችንና አክስቶቻችን ነበሩ። እነሱ በልጅነታቸው «የእጅ ሥራ» የሚባል ትምህርት በክፍል ውስጥ ተምረው፣ ዳንቴልና ሹራብ እየሠሩ ማርክ ያገኙ ናቸው። መሥሪያው ሲታጣ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ሞርደን ተጠቀምን። ክርም ከገበያ ሲጠፋ ያረጀ ሹራብ ተርትረን፣ አጥበን፣ ጠቅልለን እንደ አዲስ ጀመርን። አንዷ ጓደኛችን ደግሞ ከገዳሙ አንድ ሐሳብ አመጣች። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይ በድንጋይ የተቀረጹትን ሐረጎች ወደ ደብተሯ ገልብጣ፣ በሁለት ቀለም ክር ኮፍያ ላይ አወጣቻቸው።

«ይህ እኮ የሴት ሥራ ነው» የሚል ወንድ አልጠፋም። ነገር ግን በአገራችን እንዝርቱ የሴት፣ ሸማው የወንድ ነው፤ ክር መያዝ ወንድን አላሳፈረም። በአውሮፓም በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ የተቋቋሙት የሹራብ ሠሪዎች ማኅበራት አባሎቻቸው ወንዶች ነበሩ። ነገ ሰባና ሰማንያ ሕፃናትን በአንድ ክፍል የሚይዝ መምህር፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እጁ ሥራ ቢያውቅ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

መስመሩ ሲመለስስ ምን ሆነ? ስልኩ ተከፈተ። ቴሌግራሙ ለብዙ ደቂቃ ጮኸ። በደሴ፣ በሐዋሳ፣ በአዲስ አበባ፣ በውጭም አገር ያሉ ወዳጆች የጻፉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ጎረፈ። ገሚሱ የበዓል ሰላምታ ነው። ገሚሱ የትምህርት ጥያቄ ነው። ከመካከሉ ግን «አባቴ ዐረፈ» የሚል ይገኝበታል። ከወራት በፊት የተጻፈ ነው። ከሥሩ «ምነው ዝም አልክ?» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። እንዲህ ያለውን የሚያነብ ሰው እጁ ይታሰራል። «አሁን ምን ብዬ ልጻፍ? ዘግይቷል» ይላል። ዛሬ ሳይጽፍ ይውላል፤ ነገም እንዲሁ። መስመሩ ያቋረጠውን ወዳጅነት እፍረት ያስቀረዋል። የኛ ሥጋት ይህ ነው። ኢንተርኔት የሚቋረጠውም የሚመለሰውም በሌላ እጅ ነው፤ እፍረቱ ግን በእኛ እጅ ነው።

«እነዚህ በዓይን ያላየናቸው ሰዎች ወዳጅ ይባላሉን?» ብለው የሚጠይቁ መምህራን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከጥያቄው ባለቤቶች ብዙዎቹ በወጣትነታቸው የብዕር ጓደኛ የነበራቸው ናቸው። አድራሻ ከጋዜጣና ከመጽሔት ላይ እየወሰዱ፣ ቴምብር እየለጠፉ፣ ዐይተውት ከማያውቁት ሰው ጋር ዓመታት ተጻጽፈዋል። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜም፣ ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ሲሰማሩ፣ ከቤተሰብና ከጓደኛ የሚያገናኛቸው በአብዛኛው ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤ ይዘገያል፤ ይጠፋል። ቢሆንም የዚያ ዘመን ደብዳቤ ሲከፈት የመጀመሪያው መስመር ምን ነበር? የጤና ጥያቄ ነው። ለጤናህ እንደምን ነህ፣ እኔ ደህና ነኝ ይላል። «ለምን አልጻፍክም?» የሚለው ቢኖር እንኳ ከገጹ ግርጌ ነው። አጻጻፉ የተለመደና አንድ ዓይነት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ተስቆበታል። ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነበር፤ በመጀመሪያ ሰውየው፣ ወቀሳው በኋላ።

ከዚህም የከበደ ምሳሌ በቅርባችን አለ። በትግራይ ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የመንገደኞች አውሮፕላን እንደገና ወደ መቀሌ ሲበር፣ ቤተሰብ በአውሮፕላን ማረፊያው ተቃቅፎ ሲያለቅስ ዓለም አይቷል። በነዚያው ሰሞናት ስልክ የተከፈተለት ሰው የዘመዱን ሞት የሰማው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። እዚያ ላይ «የት ጠፋችሁ?» የሚል ጥያቄ ቦታ የለውም። ሰው ከዝምታ ሲመለስ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕይወት አላችሁ ወይ?

ታዲያ ምን እናድርግ? አዲስ ሥርዓት መፍጠር አያስፈልገንም፤ ባህላችን ለዘገየ ሰው በር አዘጋጅቷል። ለቅሶ ዘግይቶም ይደረሳል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው አርባው ካለፈ፣ ሙት ዓመቱም ከወጣ በኋላ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል። ከደጃፉ ጀምሮ ያለቅሳል፤ ቤተሰቡም አብሮት እንደ አዲስ ያለቅሳል። ቡና ይፈላል። «ምነው ያኔ አልመጣህም?» የሚል ቢኖር እንኳ ካለቀሱ በኋላ ነው። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» የሚባለው ለዚሁ ነው። በአካል የሚሠራው ሥርዓት በስልክ የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም። «አባትህ ማረፋቸውን የሰማሁት ዛሬ ነው፤ እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ መጻፍ ከዓመት በኋላም ለቅሶ መድረስ ነው።

ከሹራብ ሥራ የተማርነውም ይህንኑ ይደግፋል። ሸማኔ ድርና ማግ አለው። ሹራብ ግን ከአንድ ክር ብቻ፣ ቀለበት በቀለበት ውስጥ እየተሳበ ነው የሚሠራው። ስለዚህ አንድ ቀለበት ከመሥሪያው ቢያመልጥ በዚያ አያበቃም፤ ከሥሩ ያሉትን እየፈታ ወደ ታች ይወርዳል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ደንግጦ ሁሉን ይተረትራል፤ ወይም «ተበላሸ» ብሎ ይጥለዋል። የለመደ ሰው ግን ኪሮሽ ያነሣል፤ ያመለጠውን ቀለበት ይይዝና ረድፍ በረድፍ እየሳበ ወደ ቦታው ያወጣዋል። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ሲያልቅ ያመለጠው የት እንደ ነበረ አይለይም። ቁም ነገሩ ቶሎ መያዙ ነው፤ ቆይቶ ሲጎተት ይበልጥ ይወርዳልና።

ይህን ስንል ያመለጠው ሁሉ ይነሣ ማለታችን አይደለም። ወሬና ስድብ ብቻ የሚመላለስበት የነበረ ቡድን በዝምታው ጊዜ ከጠፋ፣ በጠፋበት ይቅር። ሁለት ሺህ ያልተነበበ መልእክት አንብቦ መጨረስም የማንም ግዴታ አይደለም። አምስት ወይም ስድስት ሰዎችን መርጦ፣ ለየአንዳንዳቸው በስማቸው መጻፍ ይሻላል። ለሁሉ አንድ ዓይነት የአበባ ሥዕል መላክ ሰላምታ ቢመስልም ሰላምታ አይደለም።

በዚህ መሠረት ለሠልጣኝ ጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፣ ዝም የነበረውም ዝም የተባለበትም ሳይጠባበቁ፣ ቀድሞ ያስታወሰ ቀድሞ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው መልእክት አጭር ይሁን፤ ደህና መሆንንና የሰውየውን ደህንነት ይናገር፣ የሐዘን ነገር ካለ እሱ ይቅደም። ሦስተኛ፣ የዘገየ መልስ ሲመጣልን «የት ጠፋህ?» ከማለት «እንኳን መጣህ» እንበል፤ ሁለቱም ቃል የሚጻፈው በአንድ እጅ ነው። አራተኛ፣ በዝምታው ጊዜ የሠራነውን እናሳይ። ከድንጋዩ ሐረግ የተቀዳውን ኮፍያ ፎቶ የላከችው ጓደኛችን፣ ስለ ቀረችበት ጊዜ ረጅም ምክንያት መጻፍ አላስፈለጋትም፤ ሰዎቹ ወዲያው «እንዴት ተሠራ?» ብለው ነበር የጠየቋት።

የመጨረሻው ሐሳብ በተለይ ለተመራቂዎች ነው። ነገ የምንመደበው ብዙዎቻችን ከዋና መንገድ ርቆ፣ ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ ወጥቶ ስልክ ማንሣት በሚያስፈልግበት ቀበሌ ይሆናል። ያኔ ማንም ሳይቆርጠው የሚቋረጥ ወዳጅነት ይበዛል። ስለዚህ ከመለያየታችን በፊት የአንዳችንን ስልክና የትውልድ ቀበሌ አንዳችን በወረቀት፣ በደብተር እንጻፍ፤ ስልክ ቢሰረቅ ወይም ቢበላሽ ደብተሩ አለ። የእጅ ሥራ መማር የሚሻም ካለ፣ እኛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመኝታ ቤቶቹ ፊት ለፊት ባለው ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ክር ይዞ የመጣ ይማራል፤ ክር የሌለውም አሮጌ ሹራብ ይዞ ቢመጣ እንተረትርለታለን።

በሐሳባችን የማይስማማ አንባቢ ካለ ጽፎ ከዚህ ጎን ይለጥፍ። ዘግይቶ ቢመጣም እንኳን መጣህ ብለን እናነበዋለን።