ድንጋይ ብቻ ለሚያዩ ዓይኖች የተሰጠ መልስ

በእንግሊዝ አገር በሰሜን ባሕር ዳር ዊትቢ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የኤስክ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል፤ በምሥራቁ ገደል ላይ የጥንቱ ገዳም ፍርስራሽ ቆሞ ይታያል፤ ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚያወጡት 199 ደረጃዎችም ስማቸው የታወቀ ነው። ወደዚህች ከተማ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ የፎቶግራፍ መሣሪያውን ወይም የእጅ ስልኩን አውጥቶ ገዳሙን፣ ደረጃውንና ከዓሣ ነባሪ አጥንት የተሠራውን ቅስት ያነሣል፤ በፊቱ ሰው ቢያልፍበት ግን እስኪሄድለት ድረስ ይጠብቃል። ከዚህም አልፈው፣ ፎቶግራፍ ለታላቅ ነገር ብቻ የተገባ ነው፤ ዓሣ ሻጪቱንና መረብ ጠጋኙን ማንሣት ድካምን በከንቱ ማባከን ነው የሚሉ አሉ። ይህ አሳብ መልካም መስሎ የሚታይ ስሕተት ስለ ሆነ መልስ ሳያገኝ ሊታለፍ አይገባውም።

በመጀመሪያ የሚያከብሩት ገዳም ራሱ ይመስክርባቸው። ገዳሙ የተቋቋመው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ657 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያይቱም እመምኔት ሂልዳ ነበረች። በ664 ዓ.ም. ስለ ፋሲካ በዓል አቈጣጠር ክርክር የተነሣበት ታላቅ ጉባኤ የተደረገው በዚያው ነው። ነገር ግን የእንግሊዝኛ ቅኔ መነሻ በተወሳ ቍጥር ከዚያ ገዳም ስሙ የሚጠራው ሰው ንጉሥም ጳጳስም አይደለም፤ ካድሞን የተባለ ከብት ጠባቂ ነው። መነኵሴው ቤዳ በ731 ዓ.ም. በፈጸመው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደ ነገረን፣ ካድሞን በግብዣ ላይ በገናው ወደ እርሱ ሲቀርብ መዘመር ባለማወቁ እያፈረ ተነሥቶ ይሄድ ነበር፤ አንድ ሌሊት ግን በበረቱ ተኝቶ ሳለ መዝሙር በሕልም ተሰጠው። ቤዳ ብራናውን ለነገሥታትና ለጳጳሳት ብቻ ቈጥቦ ቢሆን ኖሮ፣ የዚህ እረኛ ስም ከከብቶቹ ዱካ ጋራ በጠፋ ነበር። እንግዲህ የገዳሙን ግድግዳ እያነሡ የበረቱን ሰው መናቅ የገዳሙን ታሪክ አለማወቅ ነው።

ሁለተኛም፣ ድንጋይ ጥንታዊ ነውና ይገባዋል ይላሉ። እውነት ነው፤ ይገባዋል። የገዳሙ መካከለኛ ግንብ በ1830 ዓ.ም. ወደቀ፤ በታኅሣሥ 1914 ዓ.ም. ደግሞ የጀርመን የጦር መርከቦች ከተማይቱን በመድፍ ሲደበድቡ የምዕራቡ ፊት ተጐዳ። ድንጋይም ይሞታልና መልኩን ማስቀረት ተገቢ ነው። ነገር ግን ፎቶግራፍ የሚያስፈልገው ለሚያልፍ ነገር ከሆነ፣ ከድንጋይና ከሰው ፈጥኖ የሚያልፈው ማን ነው? ግንብ ቢፈርስ ልኩ ተመዝግቦ ይገኛል፤ የዓሣ አጥማጅ ሚስት ሹራብ ስትሠራ መርፌውን እንዴት እንደምትይዝ ግን በየትኛው መዝገብ ተጽፏል?

ይህን አስቀድሞ ያስተዋለ አንድ ሰው በዚያች ከተማ ነበረ። ፍራንክ ሜዶው ሰትክሊፍ በ1853 ዓ.ም. ተወልዶ በ1941 ዓ.ም. ያረፈ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። እንጀራው በበጋ የሚመጡትን እንግዶች መልክ ማንሣት ነበር፤ ስሙን ያስጠራው ግን የእንግዶቹ መልክ ሳይሆን የዓሣ አጥማጆቹ፣ የሴቶቹና የልጆቹ መልክ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሄንሪ ፍሪማን ነው። በየካቲት 1861 ዓ.ም. በማዕበል ቀን የነፍስ አድን ጀልባ ተገልብጦ ከ13ቱ ቀዛፊዎች 12ቱ ሲሞቱ፣ ያን ጊዜ አዲስ የነበረውን የቡሽ ሰደርያ የለበሰው ፍሪማን ብቻውን ተረፈ። ኋላም ሰትክሊፍ ሰደርያውን እንደ ለበሰ አነሣው። ያ ምስል ለሚያየው ሁሉ፣ አንድ ተራ ልብስ በሞትና በሕይወት መካከል እንደ ቆመ ይነግረዋል። እንዲህ ያለውን ትምህርት 199ኙ ደረጃዎች አይሰጡም።

ነገር ግን ሌላ ተቃዋሚ ይነሣል፤ ድኻን በሥራው ላይ ማንሣት ችግሩን ጌጥ አድርጎ መሸጥ ነው ይላል። ይህ ክርክር ከፊተኛው ይከብዳል። በፎቶግራፍ ላይ የዓሣው ግማት አይሸትም፤ የቀዘቀዘ እጅም አያምም፤ ስለዚህ ተመልካች ድካሙን ረስቶ ውበቱን ብቻ ሊወድ ይችላል። ይሁን እንጂ የዚህ መድኀኒቱ ፊትን ማዞር አይደለም። ሰውየውን አስፈቅዶ ማንሣት፣ ስሙን፣ ሥራውንና ቀኑን ከምስሉ ጋራ መጻፍ ነው። ሰር ቤንጃሚን ስቶን በ1897 ዓ.ም. የእንግሊዝን ልማድና ሕንፃ በፎቶግራፍ የሚመዘግብ ማኅበር ሲያቋቁም፣ ምስሉ ለኋላ ትውልድ ማስረጃ እንዲሆን ነበር አሳቡ። ስም የሌለው ምስል ግን ማኅተም እንደሌለው ደብዳቤ ነው፤ ብዙ ይናገራል፣ የሚያምነው የለም። ዛሬ በየእጁ ስልክ ስላለ ሁሉ ተመዝግቧል የሚሉም በዚሁ ይታረሙ፤ ያልተበጠረ ክምር ጐተራ አይሞላም።

ነገሩ የታሪክ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በሕይወት ያሉትን ይነካል። ገዳሙንና ወደቡን ያለ ሰው የሚያሳየው ምስል ሁሉ ለሩቁ ተመልካች «ይህ ስፍራ ባዶ ነው፤ ና ያዘው» እንደሚል አዋጅ ይሆናል። በዊትቢ ብዙ ቤቶች የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ሆነው ስለ ተያዙ የተወላጁ ልጅ የሚኖርበት ቤት ቸገረው። በሰኔ 2022 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ አዲስ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ለሚኖርበት ነዋሪ ብቻ ይሁን በሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጡ፣ 2,111 ሰዎች ደገፉት፤ 157 ብቻ ተቃወሙት። ያ ድምፅ የሕግ ኀይል አልነበረውም፤ ቢሆንም በዚያ ስፍራ ሰው መኖሩን አስታወቀ። ፎቶግራፍ አንሺው ከፊቱ እስኪያልፍለት የሚጠብቀው ሰው ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ ትንሽ ከተማ የሚሄድ ፎቶግራፍ አንሺ ገዳሙን ያንሣ፤ የሚከለክለው የለም። ነገር ግን ደረጃውን የሚጠርገውን፣ የሸርጣን ወጥመድ የሚጠግነውን፣ በእንግዳ ማረፊያ አንሶላ የምታጥበውንም አስፈቅዶ ያንሣ፤ ስማቸውንም ይጻፍ። በቅኔ ቤት ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ ተማሪ ቅኔ ያውቃል አይባልም። ደረጃውን አንሥቶ የሚወጣበትን እግር የተወም ከተማይቱን አነሣ አይባልም።