ለቤት ግንባታ ሥራ ተቋራጭ ሲመረጥ፦ ርካሹ ዋጋ ለምን ውድ ይሆናል?

የመኸር ሰብል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ በየከተማውና በየገጠር ቀበሌው የቤት ግንባታ ይበረታል። የበጋው ወራት መሠረት የሚቆፈርበት፣ ብሎኬት የሚደረደርበት፣ ቆርቆሮ የሚመታበት ጊዜ ነው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ በአንድ ዓመት የተገኘ አይደለም። አርሶ አደሩ ለዓመታት ከጤፍና ከከብት ሽያጭ ያጠራቀመው፣ የመንግሥት ሠራተኛው በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል የቆጠበው፣ አንዲት ልጅ በዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ለእናቷ የላከችው ነው። ይህ ሁሉ ጥሪት ለአንድ ተቋራጭ ሲሰጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ "በስንት ትሠራለህ?"

ጥያቄው ተገቢ ነው። ብቻውን ሲሆን ግን ያሳስታል፤ ባለንበት ጊዜ ደግሞ ከቀድሞው ይበልጥ ያሳስታል።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር የመግዛት አቅም ከውጭ ገንዘቦች አንጻር በእጅጉ ቀንሷል። የአርማታ ብረት ጥሬ ዕቃ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዕቃዎች በአመዛኙ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ዋጋቸው ምንዛሪውን ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ በአገር ውስጥ ቢመረትም አቅርቦቱ በተቆራረጠ ቁጥር ዋጋው እንደሚንር ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። በእንዲህ ያለ ገበያ ከነዕቃው በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ተቋራጭ ዋጋ ሲወጣበት ሦስት መንገዶች አሉት፤ ኪሳራውን መሸከም፣ ከዕቃው መቀነስ፣ ወይም ሥራውን ጥሎ መሄድ። ከሁሉም ያነሰ ዋጋ ሰጥቶ ያሸነፈው ሰው ኪሳራ የሚሸከምበት ትርፍ የለውም። የሚቀሩት ሁለቱ መንገዶች ናቸው፤ ሁለቱም ባለቤቱን ይጎዳሉ።

ከዕቃ መቀነስ በዓይን አይታይም። የምሶሶ ብረት የሚታሰርባቸው ስታፋዎች ተራርቀው ቢታሰሩ፣ አሸዋና ጠጠሩ በሣጥን ሳይሆን በአካፋ ግምት ቢለካ፣ የተሞላው አርማታ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውኃ ሳይጠጣ ቢቀር፣ ቤቱ ቀለም በተቀባ ዕለት ከሌላው ቤት አይለይም። ጉድለቱ የሚገለጠው ከአንድና ከሁለት ክረምት በኋላ ነው።

መሠረትም እንዲሁ ነው። መረሬ አፈር ክረምት ሲመጣ እንደሚያብጥ፣ በበጋ እግር እስኪያስገባ እንደሚሰነጠቅ ከአርሶ አደሩ በላይ የሚያውቅ የለም። ያ መሬት በማሳ ላይ የሚያደርገውን ሁሉ ከቤት ሥርም ያደርገዋል። በመረሬ ላይ የሚሠራ ቤት ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ መውረድ፣ ወይም በተመረጠ አፈርና ድንጋይ ተተክቶ በደንብ መጠቅጠቅ አለበት። ዋጋ ሲቀርብ "ስንት ሜትር ትቆፍራለህ? ጥቁሩን አፈር ምን ታደርገዋለህ?" ብሎ መጠየቅ ርካሽ የተባለው ዋጋ ከየት እንደመጣ ወዲያው ያሳያል።

ሕጉ ለባለቤቱ ያደረገው ጥበቃ ብዙዎች ከሚገምቱት የሰፋ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ጥራትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሥራው ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳትም ተጠያቂ ነው። ስለዚህ "መሬቱ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ" የሚለው መልስ በቀላሉ አያድነውም። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1764 ደግሞ ግዴታው ካሰበው በላይ ስለከበደበት ብቻ ተዋዋይ ከውሉ እንደማይወጣ ይደነግጋል።

ነገር ግን 10 ዓመት ዋስ የሚሆነው ሰው በ10 ዓመት ውስጥ ካልተገኘ ሕጉ በወረቀት ላይ ይቀራል። የተቋራጭ ምርጫ ዋና ጉዳይም ይህ ነው፦ ነገ ሲፈለግ የሚገኝ፣ ስሙን የሚጠብቅ ሰው መምረጥ። የታደሰ የሥራ ተቋራጭነት የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ በራሱ ስም መኖሩን በከተማው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ሁለተኛው የሠራቸውን ቤቶች ማየት ነው፤ ትናንት የተጠናቀቀውን ሳይሆን ሁለት ሦስት ክረምት ያለፈበትን። ለባለቤቱም ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ በቀጠሮው ጨረሰ ወይ? ከውሉ ውጭ ገንዘብ ጠየቀ ወይ? ስንጥቅ በታየ ጊዜ ሲጠራ መጣ ወይ?

አብዛኛው ትንሽ ቤት የሚሠራው በፈቃድ ባለው ተቋራጭ ሳይሆን በእጅ ዋጋ በሚሠራ ግንበኛ መሆኑ አይካድም። ባለቤቱ ዕቃውን ራሱ ስለሚገዛ ግንበኛው ከዕቃ የሚቀንስበት ምክንያት ያንሳል። በአንጻሩ የዋጋ ንረቱም፣ የልኬቱ ቁጥጥርም በባለቤቱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። መሠረትና ሶሌታ በሚሞላበት ዕለት ለአንድ ባለሙያ የቀን አበል ከፍሎ ብረቱን ማስቆጠር፣ ቤት አፍርሶ ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ወጪ ነው።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን ውሉ ይጻፍ። "ዘመዴ ነው፣ አበልጄ ነው፣ ከእሱ ጋር እንዴት ወረቀት እጻጻፋለሁ" የሚለው ይሉኝታ ዝምድናውንም ቤቱንም ሲያሳጣ ይታያል። በጽሑፍ የሚደረግ ውል ተዋዋዮቹና 2 ምስክሮች ይፈርሙበት። የመሠረቱ ጥልቀት፣ የብረቱ ውፍረት፣ የአርማታው ምጥጥን፣ የማጠናቀቂያው ቀን፣ ለመዘግየት የሚከፈለው መቀጫ በግልጽ ይስፈሩ። ሲሚንቶና ብረት ከተወሰነ መጠን በላይ ቢወደዱ ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም አስቀድሞ መስማማት ለሁለቱም ወገን ይበጃል፤ ተቋራጩን ከማታለልና ከመጥፋት የሚያድነው ይህ ነው።

ክፍያው ከሥራው አይቅደም። ቅድሚያ ክፍያው ሥራ ለማስጀመር ብቻ ይሁን፤ ቀሪው መሠረት ሲያልቅ፣ ግድግዳ ሲቆም፣ ጣሪያ ሲለብስ በደረጃ ይከፈል። ከጠቅላላው የተወሰነ ገንዘብ ደግሞ አንድ ክረምት እስኪያልፍ በመያዣነት ይቆይ። ከውጭ አገር ሆነው የሚያሠሩ ልጆች ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ከመላክ ይልቅ አርማታ ከመሞላቱ በፊት የታሰረውን ብረት ምስል አይተው፣ በባንክ በኩል በየደረጃው ቢከፍሉ ማስረጃም መቆጣጠሪያም ያገኛሉ። ሥራው ሲጓተት ደግሞ ቃል በቃል ከመጨቃጨቅ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ለኋላ ክርክር መሠረት ይሆናል።

የከተማ አስተዳደሮችም ድርሻ አላቸው። የግንባታ ፈቃድ መስጠትና ወሰን መለካት ብቻውን የነዋሪውን ጥሪት አይጠብቅም። ፈቃዳቸውን ያደሱ ተቋራጮች ዝርዝር በየጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ቢለጠፍ፣ የቤት ማኅበራትም ያሠሯቸውን ተቋራጮች መልካምና መጥፎ ልምድ ለሌሎች ቢያካፍሉ፣ ጥሩ የሚሠራው ሥራ ያገኛል፤ አታላዩም ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ አዲስ ሰው መሆን አይችልም። እስከዚያው ግን ኃላፊነቱ በባለቤቱ እጅ ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት የሚጠፋ አንድ ሳምንት፣ የዓመታት ድካም የሚጠበቅበት ሳምንት ነው።