ሽንት፣ ኮምፒውተርና የጓሳ ሣር

መንዝ ብርድ ነው። ስለዚህ ለብዙ ሕመም መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርዱ ነው። ሽንት ሲያቃጥል ግን ብርዱን በነፃ ልናሰናብተው ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኢ. ኮላይ የተባለው፣ አንጀታችን ውስጥ በሰላም የሚኖር ባክቴሪያ ነው። የሽንት መውጫ ቧንቧቸው አጭር ስለሆነ ሴቶችን ይበልጥ ያጠቃል። ጦስኝ አፍልቶ መጠጣት ደግ ነው፤ ይህን ግን አይመልሰውም።

ከዚያ የሚሆነውን እናንተም እኛም እናውቀዋለን። ፋርማሲ ይኬድና «ሲፕሮ አለ?» ይባላል። ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ ክልክል ነው፤ ግን ይሸጣል። ሁለት ቀን ይዋጣል፤ ማቃጠሉ ጋብ ሲል የተረፈው ለሌላ ቀን ይቀመጣል። የተረፈው ባክቴሪያም እንዲሁ።

የሲፕሮ የዘር ሐረግ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1962 ተመራማሪዎች የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኩዊን ሲሠራ ከተገኘ ተረፈ ውህድ ተነስተው ናሊዲክሲክ አሲድን ይፋ አደረጉ። ያገለገለውም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ሲፕሮፍሎክሳሲን የዚያ ልጅ ነው። ሁለቱም የሚያጠቁት ጋይሬዝን፣ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ የሚጠመዝዝና የሚፈታ ኢንዛይም ነው። ባክቴሪያው የጋይሬዙን ቅርጽ ትንሽ ሲለውጥ መድኃኒቱ መያዣ ያጣል።

አዲስ መድኃኒት የሚሞክሩ ሰዎች አገራችንም ውስጥ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አዳዲስ የኩዊኖሊን ውህዶች ሠርተው በባክቴሪያ ላይ ሞከሩ፤ ከኢ. ኮላይ ጋይሬዝ ጋር መግጠማቸውንም በኮምፒውተር ፈትሸው አሳተሙ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኢንዛይሙ ጓጉንቸር፣ ውህዱ ቁልፍ ነው እንበል። ኮምፒውተሩ ቁልፉን እያገላበጠ የትኛው አጥብቆ እንደሚይዝ በነጥብ ይናገራል። ኬሚካል እንደ ልብ ለማይገኝበት አገር ትልቅ ቁጠባ ነው። ደስ ብሎናል።

ደስታችን ግን «ግን» አለው። ነጥቡ ብቻውን ውህዱ የባክቴሪያውን ግድግዳ አልፎ መግባቱን አይነግረንም። ከገባ በኋላ ተገፍቶ አለመባረሩን፣ በኩላሊት አልፎ ሽንት ውስጥ መድረሱንም አይነግረንም። ከሁሉ በላይ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የተሰጠውን ጓጉንቸር ብቻ ነው። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ሆስፒታል የመጣችው እናት የያዛት ባክቴሪያ ጓጉንቸሩን ቀይሮ ከሆነስ?

ይህን የሚመልሰው የካልቸር ምርመራ ነው፤ ባክቴሪያውን ከሽንቱ አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ማየት። ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ጤና ጣቢያ ላይ ብዙውን ጊዜ ያለው ግን ማይክሮስኮፕና ስትሪፕ ነው። እነሱ ኢንፌክሽን መኖሩን ይጠቁማሉ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ አይናገሩም።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፤ ካልቸር ለታካሚውም ለተመራማሪውም እኩል ያስፈልጋል። ሐኪሙ በውጤቱ ትክክለኛውን መድኃኒት ያዝዛል። የበቀለው ባክቴሪያ ሳይጣል ዩኒቨርሲቲ ቢደርስ ደግሞ አዲሱ ውህድ የሚፈተነው በእኛው በሽታ ላይ ይሆናል። ለኮምፒውተሩ የሚመደበው በጀት ለካልቸሩም ይመደብ።

«አዲስ መድኃኒት ይመጣል» ብሎ መጽናናት አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 አሜሪካ ጀፖቲዳሲንን አጸደቀች። እሱም ጋይሬዝን ያጠቃል፤ የሚይዘው ግን በሌላ ቦታ ነው። ለቀላል የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በአፍ የሚወሰድ አዲስ ዓይነት አንቲባዮቲክ ሲጸድቅ ወደ 30 ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ነው። ይህንንም እንደ ሲፕሮ ከፈጀነው ሌላ 30 ዓመት ልንጠብቅ ነው?

የጋራ ሀብት መጠበቅን መንዝ ያውቅበታል። የጓሳን ሣር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ለዓመታት እየዘጋ ጠብቋል፤ ሣሩ መድረሱ ሳይታይ አይከፈትም ነበር። የቀድሞው ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ጓሳ ዛሬም በማኅበረሰቡ ይጠበቃል። አንቲባዮቲክም የጋራ ግጦሽ ነው። አዳማ አዲስ ሣር ይዝራልን፤ አጥሩ ግን የእኛ የሁላችን ሥራ ነው።