ብሩ ሄደ፣ ዕቃው ቀረ! ተጠያቂው ማን ነው?

ሰሞኑን አንድ ጉድ ገጠመኝ። በቴሌግራም ከሚነግዱት ቻናሎች በአንዱ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ አየሁ። ዋጋው ደህና፣ ፎቶው ያማረ። ሻጩ «ግማሹን ቀድመህ ላክ፣ ልጁ ሰፈርህ ድረስ ያመጣልሃል» አለኝ። ላክሁ። ልጁ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው! የሻጩ ስልክ ተዘግቷል። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ኮሚሽን የሚቆርጠውን የቻናሉን ባለቤት ብጠይቀው «እኛ የምንለጥፈው ማስታወቂያ ብቻ ነው» ብሎ ብሎክ አደረገኝ።

ውድ አንባቢያን፣ መርካቶ እንኳ እንዲህ አይደለም። የመርካቶ ነጋዴ ቢሸውድህ ሱቁን ተሸክሞ አይጠፋም። በማግስቱ ሄደህ ትጮህበታለህ፤ ጎረቤት ይሰማል፣ ስሙ ይጠፋል። የስልኩ ነጋዴ ግን ስሙን ለውጦ ማታውኑ ሌላ ሱቅ ይከፍታል።

«ገበያው ገና ዳዴ እያለ ነው፤ ቁጥጥር ካበዛችሁበት ይሞታል» የሚሉን አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ቤቷ ዳቦ ጋግራ፣ በርበሬ አስፈጭታ በስልኳ የምትሸጠውን እናት «ንግድ ፈቃድ፣ የኪራይ ውል አምጪ» ማለት እንጀራዋን መንጠቅ ነው። ግን ገዢው የሚፈራው ገበያ ያድጋል ያለው ማን ነው?

የቻይናን ነገር እንይ። እ.ኤ.አ. በ2003 ታኦባኦ ሲቋቋም ግዙፉ ኢቤይ ቀድሞት ገብቶ ነበር። ታኦባኦ ምን አደረገ? ሻጩን ዕቃ ለመለጠፍ ክፍያ አልጠየቀውም። ለገዢው ደግሞ አሊፔይን አመጣለት፦ ብሩ መሐል ይቀመጣል፣ ገዢው «ዕቃው ደርሶኛል» ሲል ለሻጩ ይለቀቃል። በ2006 መጨረሻ ኢቤይ ዋናውን የቻይና ገጹን እንደሚዘጋ አስታወቀ። እንግዲህ ጥበቃው ገበያውን ገደለው ወይስ አሳደገው?

እኛም ሕግ የለንም እንዳይባል፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። ወረቀቱ አለ። እኔ ግን በአንድ ላፕቶፕ ግማሽ ዋጋ የትኛው ቢሮ ሄጄ ልጩህ? የሚገርመው፣ መዝጋት ሲሆን ጉልበቱ አይጠፋም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም ተገድቦ ነጋዴውም ገዢውም በቪፒኤን ሲሹለከለክ ከርሟል። ለመዝጋት ያላነሰ ክንድ የተዘረፈን ሰው አቤቱታ ለመስማት ሲሆን ለምን ይዝላል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ብሩ ዕቃው እስኪደርስ መሐል ይቀመጥ። የቻናሉ ባለቤት የሻጩን ማንነት ይወቅ። ኮሚሽን የበላ ተጠያቂነቱንም ይብላ። ሲቀበል ባለሱቅ፣ ሲጠየቅ መንገደኛ መሆን ይብቃ! በርበሬ የምትሸጠዋ እናት ከዚህ አንዱም አይከብዳትም፤ የሚከብደው ለሌባው ብቻ ነው።

እኔ ከእንግዲህ ዕቃውን በእጄ ሳልይዝ አምስት ሳንቲም አልልክም። እንደኔ የተቃጠለ ሁሉ እንዲህ ሲል፣ ያቺ ምስኪን እናትም ገዢ ታጣለች። ያኔ ገበያውን ማን ገደለው ልንል ነው?