ሚዛን የሚጎድለው በኪሎ ብቻ ነው እንዴ?



የድሬዳዋን የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ለሚያውቅ ደግሞ ማውራት አያስፈልግም። ቀን ከ35 ዲግሪ በላይ የወጣው ሙቀት ግድግዳና ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍስብናል። አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት እናት ላለችበት ቤት ኤሲ ቅንጦት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ግን ኤሲው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባዶ ሳጥን ነው።

እኛም ለእናታችን ብለን፣ እህትና ወንድም አዋጥተን፣ ባትሪና ኢንቨርተር ልንገዛ ሄድን። ለባለሱቁ ምንም አልደበቅነውም። የኤሲውን መጠን፣ የእናታችንን ሁኔታ፣ መብራት ሲሄድ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነገርነው። መልሱ አንድ ነበር፦ «አቦ አታስቡ! ሌሊቱን ሙሉ ይሠራላችኋል።»

በመጀመሪያው ሌሊት መብራት ሄደ። ኤሲው ሊነሳ ሲል ኢንቨርተሩ ጮኾ ጠፋ። በነጋታው ስንመለስ «ይሄማ ትንሽ ነው፣ ትልቁን ውሰዱ» አለን። ትንሹን መርጦ የሰጠን እሱ ራሱ ነበር! ብር ጨምረን ትልቁን ወሰድን። አሁን ኤሲው ተነሳ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ባትሪው አለቀ። እስኪነጋ ድረስ እናታችንን በካርቶን ስናራግብላት አደርን።

ቅሬታ ይዘን ስንሄድ የተሰጠን መልስ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ፦ «ባትሪው ጤነኛ ነው፤ የእናንተ ኤሲ ነው ብዙ የሚበላው።»

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ባትሪው ላይ 12 ቮልት፣ 200 አምፒር-አወር ተብሎ ተጽፏል። ሲባዛ 2,400 ዋት-አወር ነው። ጄልም ሆነ የአሲድ ባትሪ ቶሎ እንዳይሞት ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ስለዚህ በእጃችን ያለው 1,200 ነው። ከዚህም ላይ ኢንቨርተሩ አንድ አስረኛ ያህሉን በሙቀት መልክ ያባክነዋል። 12,000 ቢቲዩ የሆነ መደበኛ ኤሲ ሲሠራ ደግሞ 1,100 ዋት አካባቢ ይስባል። ውጤቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው! ባትሪውን እየገደልን ጨርሰን ብንመጠው እንኳ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ለዚህ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ማባዛትና ማካፈል ይበቃል።

የመጀመሪያው ኢንቨርተርስ ለምን ጠፋ? መደበኛ ኤሲ ሞተሩ በሚነሳባት ቅጽበት ከተለመደው ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይስባል። ኢንቨርተሩ ያንን መሸከም አለበት። «ኢንቨርተር ኤሲ» የሚባለው ዓይነት ቀስ ብሎ ስለሚነሳ ይሻላል። ታዲያ አንዳንዱ ሻጭ የስሙን መመሳሰል ተጠቅሞ ኤሲውንና መሣሪያውን ያደበላልቅብናል።

ሙቀቱም አለ። የአሲድ ባትሪ ዕድሜ የሚነገረው በ25 ዲግሪ ተለክቶ ነው። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ታዲያ በእኛ ከተማ «አምስት ዓመት ይቆያል» ብሎ መሐላ ምን የሚሉት ነው? መሙላቱስ? ባዶ የሆነ ባለ 200 ባትሪ በ20 አምፒር ቻርጀር ከ10 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። መብራት መጥቶ አምስት ሰዓት ሳይቆይ ከሄደ ባትሪው ግማሽ ሆኖ ሌላ ሌሊት ይጠብቀናል።

«ሻጩም እኮ አያውቅም፣ አትፍረድበት» የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ አያውቅም እንበል። ታዲያ «ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል» ያለው በምን አውቆ ነው? የማያውቅ ሰው «አላውቅም» ይላል እንጂ አይምልም። ኪሎ ላይ ሁለት መቶ ግራም ማጉደል ሐራም መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። አምፒር-አወርም እኮ መለኪያ ነው! የአንድ ሰዓት ባትሪ በስምንት ሰዓት ስም የሸጠ ሰው ከኪሎው ላይ ሰባት እጁን አጉድሏል። ልዩነቱ የስኳሩን ጉድለት ዓይናችን ያየዋል፣ የባትሪውን ግን ሌሊት ነው የምናውቀው።

ሐቀኛ ሻጭ ምን ይል ነበር? «ለኤሲ ከሆነ 5,000 ዋት-አወር የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ውሰዱ፣ አራት ሰዓት ገደማ ያሠራችኋል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። አቅማችሁ ካልፈቀደ ይህችን ባትሪ ለቬንትሌተር አድርጓት» ይል ነበር። ቬንትሌተር የሚስበው 60 ዋት አካባቢ ነው። ያው የአንድ ሰዓት ባትሪ ከመሸ እስኪነጋ ያዞረዋል። ይህ ሻጭ ኢንቨርተር ሁለቴ አይሸጥልንም ነበር፤ ግን ዱዓችንን ይዞ ይሄድ ነበር።

ጥፋቱ የእኛም ነው። ለልብስ ስንት ሱቅ የምንዞር ሰዎች፣ የቤተሰብ መዋጮ ይዘን በአንድ «አታስቡ» ተሸነፍን። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ኤሲው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ዋቱን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛ፣ «ይህ ባትሪ ይህንን ኤሲ ይህን ያህል ሰዓት ያሠራል» የሚል ቃል ደረሰኙ ላይ አጽፉ። ሦስተኛ፣ የቀረውን ሂሳብ ባለሙያው ቤት መጥቶ ቆጣሪውን አጥፍቶ ካሳያችሁ በኋላ ክፈሉ። ለመጻፍ እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋል፤ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ለናንተ ለነጋዴ ወንድሞቻችንም አንድ ቃል። የምትሸጡት ባትሪ ከሱቃችሁ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ አስቡ። አንዳንዱ የሚሄደው አንዲት እናት ሌሊቱን ወደምትጠብቅበት ክፍል ነው።

የእኛ እናት አልሐምዱሊላህ ዛሬ በቬንትሌተር ታድራለች። ኤሲው መብራት ሲኖር ይሠራል። ትልቁ ኢንቨርተር ግን አንዲት ቬንትሌተር ለማዞር ተቀምጧል፤ ባየሁት ቁጥር የተዋጣው ብር ትዝ ይለኛል።

ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ሳይከፍል በፊት ይህን አድርሱለት።