ከማሳደጊያ ወደ ቤተሰብ፦ ጊዜ ለሕፃናት አእምሮ ያለው ዋጋ

በሩማኒያ ዋና ከተማ ቡካሬስት እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ጥናት፣ በማሳደጊያ ተቋማት ይኖሩ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹን በዕጣ ለአደራ ቤተሰብ ሰጠ። እነዚህ ሕፃናት በ42 ወራቸው ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር የነበራቸው ትስስር በተቋም ከቀሩት ይልቅ የጸና ሆኖ ተገኘ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት ደግሞ በ8 ዓመታቸው የአንጎላቸው ኤሌክትሪካዊ እንቅስቃሴ ተቋም ገብተው ከማያውቁ እኩዮቻቸው ጋር ተቀራርቧል። ዘግይተው በተሰጡት ላይ ይህን ያህል ለውጥ አልታየም።

በኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከቀረ ወዲህ፣ ለእነዚህ ሕፃናት የአገር ውስጥ ቤተሰብ አስፈላጊነት ጎልቷል። የአመልካቾች ማንነት መጣራቱ ለሕፃኑ ደኅንነት የግድ ነው፤ ባልተሟላ ሰነድ የሚባክነው ወር ግን ከዚያው ከሕፃኑ ዕድሜ የሚታሰብ ነው። የጉዲፈቻ ስምምነት የሚጸናው በፍርድ ቤት ሲጸድቅ በመሆኑ፣ ማስረጃቸውን አሟልተው የሚቀርቡ አመልካቾች የሕፃኑን የተቋም ቆይታ ያሳጥራሉ።