ቀበሮ ልትቈጥር የምትሄደው ልጅ

«ልጄ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኝነቷን ለማንም አስነክታ አታውቅም። ሐኪም ትሆናለች ብለን ስንጠብቅ ሥነ ሕይወት አጠናች። አሁን ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፏ ባሌ ተራራ ወጥታ ሁለት ወር ቀበሮ ልትቈጥር ነው። ልከልክላት ወይስ ልተዋት?» ሲሉ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ አንዲት እናት ጽፈውልናል።

እናቶች ሆይ፣ ጥያቄው የእኒህ እናት ብቻ አይመስለንም። ጎበዝ ልጅ ያለቻችሁ ሁሉ ነጭ ጋዋን ለብሳ ለማየት መመኘታችሁ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከመፍረዳችን በፊት ሥራው ምን እንደሆነ እንወቅ።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ አብዛኞቹም የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። ተማሪዋ ወደ 4000 ሜትር ከፍታ ባለው የሰነቴ አምባ ላይ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ መንጋው ተሰብስቦ ድንበሩን ሲያስስ ትመለከታለች። ቀን ላይ እያንዳንዱ ለየብቻው አይጥና ፍልፈል ሲያድን ስንት ጊዜ ሞክሮ ስንቱን እንደያዘ ሰዓት እያየች ትመዘግባለች። ዐይነ ምድሩን ለቅማ፣ አድርቃ፣ በውስጡ ያለውን ፀጉርና ጥርስ ትለያለች። (የዚያን ልብስ ማን እንደሚያጥበው እናንተው ታውቃላችሁ!) በመንጋው ውስጥ የምትወልደው አንዲት እንስት ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ግልገሎቹን ይጠብቃሉ፣ ይመግባሉ፣ አንዳንዶቹም ያጠባሉ። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ በዓይን አይቶ፣ በእጅ ነክቶ መማር ግን ሌላ ነው።

ቈጠራውም የዋዛ ሥራ አይደለም። የመንደር ውሾች የሚያስተላልፉት የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ሲነሣ ባለሙያዎች የተመረጡ መንጎችን ከትበው ሥርጭቱን ለመግታት የረዳቸው የትኛው መንጋ የት እንደሚኖር አስቀድሞ መታወቁ ነው። ይኸው በሽታ የሰውን ልጅ እንደሚገድልም አትርሱ።

«አውሬው ቢበላትስ?» ትሉ ይሆናል። ቀይ ቀበሮ አዳኝነቱ በአይጥ ላይ ነው። ይልቅስ ብርዱ ያስፈራል፤ በበጋ ሌሊት ውኃ ይረጋል። ስለዚህ እኒህ እናት መምህሯን ቀርበው፣ አብሯት የሚወጣው ማን እንደሆነ፣ የት እንደምታድር፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ብትታመም መልእክት እንዴት እንደሚደርስ ይጠይቁ። መጠየቅ መከልከል አይደለም፤ ያልተማርሁ ነኝ ብሎ ማፈርም አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1960 ጄን ጉዶል የተባለች የ26 ዓመት እንግሊዛዊት ታንጋኒካ ውስጥ በጎምቤ ጫካ ቺምፓንዚዎችን ለማጥናት ስትነሣ፣ የአገሩ ባለሥልጣኖች ሴት ልጅ ብቻዋን አትኖርም አሉ። ያኔ ዲግሪ እንኳ አልነበራትም። እናቷ ቫን ልጃቸውን ቅሪ አላሏትም፤ አብረዋት ሄደው ለወራት በድንኳን ኖሩ፣ ለአካባቢው ዓሣ አጥማጆችም መድኃኒት ይሰጡ ነበር። በዚያው ዓመት ልጅቱ ቺምፓንዚ የሣር ዘንግ ወደ ኩይሳ እየሰደደ ምስጥ ሲያወጣ አየች። መሣሪያ የሚሠራ ሰው ብቻ ነው ሲባል የኖረው ያን ጊዜ ተናጋ።

ጠያቂያችን ሰነቴ ላይ ድንኳን ይትከሉ አንልም፤ የፋብሪካ ፈረቃ አለባቸው። በሶ ማዘጋጀት ግን ይችላሉ። ከጋቢው ሌላ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲም አይበዛም።